በሀዋሳ በመንግሥት የሙያ ኮሌጅ መግባት፣ መሠልጠንና ማስረጃ ይዞ መውጣት፦ ለሠልጣኞችና ለወላጆች የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በሀዋሳ ከተማ በሚገኝ አነስተኛ የመንግሥት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለመሠልጠን ለሚያመለክቱ ወጣቶችና ልጆቻቸውን ይዘው ለሚመጡ ወላጆች የተዘጋጀ ነው። እኔ ራሴ እንዲህ ባለ ኮሌጅ ከሬጅስትራር መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ሰው ሳስተናግድ በቆየሁባቸው ዓመታት ያስተዋልኩት፣ ሥልጠናውን ጀምረው ከሚያቋርጡትም ሆነ ጨርሰው ምስክር ወረቀታቸው ከሚዘገይባቸው መካከል ብዙዎቹ የሚሰናከሉት በትንሽ ወረቀት መሆኑን ነው፤ ያልተሰረዘ ፊርማ፣ ያልተሞላ ቅጽ፣ አንድ ፊደል የተዛነፈ ስም። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከማመልከቻው ቀን እስከ ክሊራንሱ፣ ማለትም ከዕዳ ነፃ መሆንን እስከ ማረጋገጥ ድረስ የሚሄድ ሲሆን፣ ሰው በብዛት በሚወድቅበት ቦታ ላይ ረዘም አድርጌ ጽፌያለሁ፤ ግልጽ የሆነውን ግን ቶሎ አልፌዋለሁ።

1. ኮሌጁንና የሥልጠና ደረጃውን መለየት

በሀዋሳ «የመንግሥት ኮሌጅ» ሲባል አንድ ተቋም ብቻ አይደለም። ፖሊቴክኒክ ኮሌጁ፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጁና የመምህራን ትምህርት ኮሌጁ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የመግቢያ መስፈርትና የምዝገባ ማስታወቂያ አሏቸው፤ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ መደበኛ ተማሪዎቹን የሚቀበለው በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ስለሆነ ከእነዚህ ጋር መምታታት የለበትም። የአንዱን ማስታወቂያ አይቶ በሌላው በር የሚሰለፍ ሰው በየዓመቱ አይጠፋም፤ ስለዚህ ማስታወቂያውን ከሰው አፍ ከመስማት ይልቅ ግቢው በር ላይ ከተለጠፈው ያንብቡት፤ በስልክዎም ፎቶ ያንሱት።

በኮሌጆች የሚሰጠው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በዋናነት ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 የተከፈለ ነው። ደረጃ 1 እና 2 በሌላ ባለሙያ ክትትል ሥር ለመሥራት የሚያበቁ መሠረታዊ ክህሎቶችን የሚያስጨብጡ ሲሆን፣ ደረጃ 3 እና 4 ሠልጣኙን ራሱን ችሎ ወደ መሥራት ያደርሱታል፤ ደረጃ 5 ደግሞ የሌሎችን ሥራ ማቀድና መቆጣጠርን ይጨምራል። አመልካቹ በየትኛው ደረጃ እንደሚገባ የሚወሰነው ባመጣው ውጤት ሲሆን፣ መቁረጫ ነጥቡ በየዓመቱ በማስታወቂያ ይገለጻል፤ በመሆኑም ታላቅ ወንድምዎ የገባበት ነጥብ ዘንድሮ ለእርስዎ አይሠራ ይሆናል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት 10ኛ ክፍልን ያጠናቀቁና ያንን ውጤት ይዘው አሁን ለመግባት የሚፈልጉ ሰዎች የትኛው መስፈርት እንደሚመለከታቸው ከመሰለፋቸው በፊት ሬጅስትራሩን መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ወደ ሙያ ኮሌጅ የመጣው እንደ ለቅሶ ቤት አንገቱን ደፍቶ ነው። በዚያ ስሜት የተሞላ ፎርም ደግሞ ብዙ ጊዜ «የተገኘው ይሁን» ተብሎ የተሞላ ነው፤ ይህም ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ይወስደናል።

2. ሙያውን ከመምረጥ በፊት የልምምዱን ቦታ መጠየቅ

የሙያ ሥልጠና ከሌላው ትምህርት የሚለይበት ዋናው ነገር የትብብር ሥልጠና ነው። በአገር አቀፉ የሥልጠና ስትራቴጂ እንደ መርህ የተቀመጠው ሠልጣኙ ከጊዜው 70 በመቶ ያህሉን በድርጅት ውስጥ በሥራ ላይ፣ 30 በመቶውን ደግሞ በተቋሙ ውስጥ እንዲያሳልፍ ነው። መሬት ላይ ይህ ድርሻ ከሙያ ሙያ፣ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል። ቢሆንም ለመራጩ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ የሚቀበልዎ ጋራዥ፣ ሆቴል፣ ወርክሾፕ ወይም ፋብሪካ ከሌለ የሥልጠናው ትልቁ ክፍል ወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ፎርሙን ከመሙላትዎ በፊት የሚመርጡትን ዲፓርትመንት ኃላፊ ወይም አንድ አሠልጣኝ አግኝተው ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ። አንደኛው፣ ያለፈው ዓመት ሠልጣኞች ለልምምድ የወጡት የት የት ድርጅት እንደሆነ ነው፤ መልሱ የድርጅት ስም ከሆነ መልካም፣ «ቦታ ይፈለጋል» ከሆነ ግን የሚፈልጉት እርስዎ ራስዎ እንደሆኑ ይገንዘቡ። ሁለተኛው፣ በወርክሾፑ ውስጥ ካሉት ማሽኖች የሚሠሩት ስንቱ እንደሆኑና አንድ ማሽን ለስንት ሠልጣኝ እንደሚደርስ ነው። ይህን በቃል ከመጠየቅ በዓይን ማየት ይሻላል፤ ፈቃድ ጠይቀው ለአምስት ደቂቃ ይግቡ፤ አቧራ የለበሰ ማሽንና ዘይት የነካው ማሽን ያስታውቃሉ። ሦስተኛው፣ ለዚያ ሙያና ለዚያ ደረጃ የብቃት ምዘና የሚሰጥበት ማዕከል በከተማው ውስጥ መኖሩን ነው፤ ከሌለ ለምዘና ወደ ሌላ ከተማ የመሄድ ወጪ ከወዲሁ መታሰብ አለበት።

ከተማውንም ዞር ዞር ብለው ይመልከቱ። በሐይቁ ዳርቻ የተደረደሩት ሆቴሎችና ሎጆች ለምግብ ዝግጅት፣ ለመስተንግዶና ለክፍል አያያዝ ሠልጣኞች ቅርብ የልምምድ ቦታዎች ናቸው። ሰኞ ጠዋት ከተዞረ ከቅዳሜና እሁድ ግርግር በኋላ ስለሚሆን ኃላፊውን ማነጋገር ይቀላል። የሕንፃ ሥራ ባለበት ሁሉ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ የቧንቧና የግንባታ ሥራ ይኖራል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ የተገነባው ለጨርቃ ጨርቅና አልባሳት በመሆኑ፣ የስፌት ሙያን ከማሽን ጥገናና ከኤሌክትሪክ ጋር አብሮ የሚፈልግ ቦታ ነው። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ ከጎርጎርዮሳዊው ጥር 2022 ጀምሮ ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ የመላክ ዕድል፣ ተጠቃሚነት ስትወጣ ወደ አሜሪካ ገበያ ይልኩ የነበሩ ፋብሪካዎች እንደተጎዱ ይታወሳል፤ ስለዚህ «ፓርኩ ይቀጥራል» የሚለውን የቆየ ወሬ ይዘው ሳይሆን ዘንድሮ ሠልጣኝ የተቀበለው የትኛው ሼድ (የፋብሪካ ሕንፃ) እንደሆነ ጠይቀው ይወስኑ።

አንድ ጠዋት መስኮቱ ላይ የመጡ እናት ትዝ ይሉኛል። ልጃቸው ከኋላቸው ቆሞ የእጁን ጥፍር ያያል፤ ከጥፍሩ ሥር የገባው ግራሶ ታጥቦ አልለቀቀም፤ ክረምቱን ሰፈር ውስጥ ካለ የሞተር ሳይክል ጠጋኝ ጋር ሲሠራ እንደከረመ ያስታውቃል። እናቱ «አካውንቲንግ ይጻፉልኝ፣ ልጄ ቢሮ ይቀመጥልኝ» አሉ። «እናቴ፣ እስቲ እሱን እንጠይቀው» አልኳቸው። ልጁ ቀና ሳይል «አውቶሞቲቭ» አለ። ብዙ ተነጋገርንበት፤ በመጨረሻ እናትዮዋ «እንግዲህ ቱታውን የማጥበው እኔ ነኝ» ብለው ፈረሙ። አካውንቲንግ መጥፎ ሙያ ስለሆነ አይደለም ይህን የማነሳው፤ ልጁ እጁ ውስጥ የያዘው ሙያ እያለ ወረቀቱ ላይ ሌላ ሊጻፍ ምን ያህል ተቃርቦ እንደነበር ለማሳየት ነው።

3. ሰነዶችን ማዘጋጀትና ስምን ማመሳከር

በተለምዶ የሚጠየቁት የትምህርት ማስረጃዎች ዋናውና ፎቶኮፒያቸው፣ የቀበሌ መታወቂያ ወይም 12 አሃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር እንዲሁም ጉርድ ፎቶግራፎች ናቸው። በስልክ የታየ የውጤት ምስል ማስረጃን አይተካም። ዋናውን ማስረጃ ለማመሳከር ብቻ ያሳዩ፤ ተመልሶ እጅዎ ሳይገባ ከመስኮቱ አይራቁ። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ከመሆኑ በፊት የወጡ ማስረጃዎች የቀድሞውን የደቡብ ክልል ስምና ማኅተም የያዙ ስለሆኑ ግራ የሚጋቡ ሰዎች አሉ፤ ማስረጃው የተሰጠው በወቅቱ በነበረው አስተዳደር ስም ነውና በዚህ አይጨነቁ።

የሚያስጨንቀው ስም ነው። «ኃይሉ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጋ በ«አይ»፣ ሌላው ጋ በ«ዋይ» ይገባል፤ «ወልደ ጊዮርጊስ» አንዱ ጋ አንድ ቃል፣ ሌላው ጋ ሁለት ቃል ሆኖ የአያትን ስም ከቦታው ይገፋዋል። ሠልጣኙ ሲገባ ማንም ልብ አይለውም። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የኮሌጁ ትራንስክሪፕት፣ የብቃት ማረጋገጫውና ፓስፖርቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ሦስት ሰው ይሆናል። ይህ ጥፋት በእኔም እጅ ደርሷል፦ የአንዲት ሠልጣኝን የአባት ስም ከተጻፈልኝ ፎርም ላይ ሳላመሳክር ወደ መዝገቡ ገለበጥኩት፤ ልጅቷ ስትመረቅ ተገኘ፤ ለማረምም ከትምህርት ቤቷ ደብዳቤ ማስመጣት ግድ ሆነ። ትምህርት ቤቷ ደግሞ ቀላል መንገድ ላይ አልነበረም።

ስለዚህ በቤትዎ ቁጭ ብለው ሁሉንም ማስረጃዎች ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉና ስምዎን ፊደል በፊደል፣ በአማርኛም በላቲንም፣ እስከ አያት ድረስ ያነጻጽሩ። ልዩነት ካገኙ ከምዝገባ በፊት በሚመለከተው አካል ያስተካክሉት። ፎርሙ ላይም ሁልጊዜ ዋናው የትምህርት ማስረጃ ላይ እንደተጻፈው አድርገው ይጻፉ፤ «ይሄ ይሻላል» ብለው በራስዎ አያሳምሩት።

4. የምዝገባው ቀን

ቅደም ተከተሉ በአብዛኛው ዲፓርትመንት፣ ፋይናንስ፣ ከዚያ ሬጅስትራር ነው። በመጀመሪያ ዲፓርትመንቱ ፎርሙ ላይ ይፈርማል፤ ፋይናንስ ክፍያ ካለ ተቀብሎ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ሬጅስትራሩ መዝግቦ የምዝገባ ስሊፕና የመታወቂያ ቁጥር ይሰጣል። መደበኛ፣ የማታና የቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብሮች ክፍያቸው ስለሚለያይ በየትኛው እንደተመዘገቡ ስሊፑ ላይ መጻፉን ያረጋግጡ። ደረሰኙንና ስሊፑን በአንድ ክሊር ባግ ውስጥ ያስቀምጡ፤ እስከ ምርቃት ድረስም አይጣሉ። ከተማሪ ሁሉ ኪስ የሚጠፋው ይኸው ደረሰኝ ነው፤ ክሊራንስ ላይ የሚጠየቀውም እሱው ነው።

አነስተኛ ኮሌጆች ብዙውን ጊዜ ዶርም የላቸውም። ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከሻሸመኔ ወይም ከዚያ ርቀው የሚመጡ ሠልጣኞች ቤት መከራየት ስለሚኖርባቸው፣ ከአከራይ ጋር ከመስማማታቸው በፊት የክፍል ፕሮግራሙን ይመልከቱ። ሥልጠናው ፈረቃ ካለውና ማታ የሚያልቅ ከሆነ ርካሹ ቤት ሩቅ መሆኑ በባጃጅ ክፍያ ይካካሳል፤ ለሴት ሠልጣኞች ደግሞ ከሒሳብ በላይ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

5. በግቢው ውስጥ ያሉ አገልግሎቶች

የአነስተኛ ኮሌጅ አገልግሎት ጥሩም መጥፎም ጎን አለው። ጥሩው፣ የዲኑን ቢሮ አንኳኩቶ መግባት ይቻላል፤ አሠልጣኙ ስምዎን ያውቃል። መጥፎው፣ አንድ ሰው ሁለትና ሦስት የሥራ ድርሻ ደርቦ ስለሚይዝ የምክር አገልግሎት የሚሰጠው ባለሙያ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ እያስተማረ ሊሆን ይችላል። በሩ ተዘግቶ ቢያገኙት አገልግሎቱ የለም ብለው አይመለሱ፤ የሚገኝበትን ሰዓት በሩ ላይ ወይም በተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ይጠይቁ።

የሴቶች ጉዳይ ወይም የሥርዓተ ፆታ ክፍል ለሴት ሠልጣኞች የማጠናከሪያ ትምህርት ለማመቻቸትና በግቢም ሆነ በልምምድ ቦታ የሚደርስ ትንኮሳን ተቀብሎ ለመከታተል የተቋቋመ ነው። የማየት፣ የመስማት ወይም የእንቅስቃሴ ጉዳት ያለባቸው ሠልጣኞች ጉዳታቸውን በምዝገባ ፎርሙ ላይ ቢገልጹ የክፍል ምደባውም ሆነ ምዘናው ያንን ታሳቢ አድርጎ ለመዘጋጀት ጊዜ ያገኛል፤ መጨረሻ ላይ የተነገረ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሐዘኔታ ብቻ ነው። የሥልጠና ሞጁሎች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሲሆኑ አሠልጣኞች በአማርኛም ሆነ በሲዳሙ አፎ ሲያብራሩ ይሰማል፤ ቃሉ ካስቸገረዎ በክፍል ውስጥ ይጠይቁ፤ ምዘና ላይ ያው ቃል ተመልሶ ይመጣል።

ከሁሉም አገልግሎቶች ሠልጣኞች በጣም የሚዘነጉት ዊዝድሮው፣ ማለትም ሥልጠናን በይፋ የማቋረጫ ቅጽ፣ መሙላትን ነው። ታመው፣ ወልደው፣ ገንዘብ አጥተው ወይም የቤተሰብ ሐዘን ደርሶባቸው ሥልጠናውን ማቆም ግድ የሚሆንባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዝም ብለው ይቀራሉ። ዝም ብሎ የቀረ ሠልጣኝ መዝገቡ ላይ እንዳቋረጠ ሰው ይቆጠራል፤ ሲመለስም ያጠናቀቃቸውን ሞጁሎች ለማስያዝ ይቸገራል። ቅጽ ሞልቶ፣ ምክንያቱን ከማስረጃ ጋር አያይዞ፣ በዲፓርትመንቱና በሬጅስትራሩ አስፈርሞ የወጣ ሰው ግን ተመልሶ ለመቀጠል የሚጠይቅበት ሰነድ አለው። ራስዎ መምጣት ካልቻሉ የቤተሰብ አባል ይላኩና ቢያንስ ቀነ ገደቡን ያስጠይቁ፤ በሐይቁ ዳር ያለው የአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጅ እንኳ ጀልባውን ሳያስር ወደ ቤቱ አይሄድም።

6. ለትብብር ሥልጠና ሲወጡ

ለልምምድ የሚወጣ ሠልጣኝ በኮሌጁ፣ በድርጅቱና በራሱ መካከል የሚፈረም ስምምነት አለው፤ ዕድሜው ካልደረሰ ወላጅ ይፈርምለታል። ስምምነቱን ሳያነቡ አይፈርሙ፤ የሥራ ሰዓቱ፣ የሚለማመዱት ሥራ ዓይነትና የአደጋ መከላከያ አልባሳትን የሚያቀርበው ማን እንደሆነ ይመልከቱ። ጓንትና መነጽር «በኋላ ይመጣል» ከተባለ ብየዳውንም በኋላ ይጀምሩት።

የሥራ መመዝገቢያ ደብተሩ ወይም በተለምዶ ሎግ ቡክ የሚባለው በየቀኑ መሞላት አለበት። የብዙዎች ልማድ በመጨረሻው ሳምንት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ሌሊት መሙላት ነው፤ ይህን የማያውቅ አሠልጣኝ የለም። በየቀኑ የሠሩትን በሁለት መስመር ይጻፉ፤ ለምሳሌ «የሦስት ክፍል ሶኬት ዘረጋሁ፣ አንዱ ኒውትራሉ ላልቶ ነበር፣ አስተካከልኩ»። በየሳምንቱ የድርጅቱን ተቆጣጣሪ ያስፈርሙ፤ ሰውዬው ሥራ ለቅቆ ከሄደ በኋላ ፊርማ ፍለጋ ከባድ ነው። ድርጅቱ ከሙያዎ ውጪ ሻይ በማመላለስና በመጥረግ ብቻ ካዋለዎት ደግሞ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ለኮሌጁ የትብብር ሥልጠና አስተባባሪ ያሳውቁ፤ ቦታ ለመቀየር ጊዜ የሚኖረው ያኔ ነው።

7. የብቃት ምዘና

ሰዎች ሲኦሲ እያሉ የሚጠሩት ምዘና ከኮሌጁ የተለየ አካል የሚሰጠው ሲሆን፣ የንድፈ ሐሳብና የተግባር ክፍሎች አሉት። ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። ሁለተኛው ውጤት የወደቀበት ሰው እንደገና መመዘን ይችላል፤ ወዲያው ከመመዝገቡ በፊት ግን የትኛው የሥራ ክፍል ላይ እንደጎደለው ጠይቆ ያንኑ በወርክሾፕ ውስጥ ቢለማመድ የምዘና ክፍያውን ከንቱ አያደርገውም። የኮሌጁ ትራንስክሪፕትና የብቃት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀቱ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች መሆናቸውን አይርሱ፤ ብዙ ቀጣሪዎች፣ በተለይም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ሁለቱንም ይጠይቃሉ። ወደ ቀጣዩ ደረጃ ለማለፍም ያለፈውን ደረጃ ምዘና ማለፍ ስለሚጠየቅ ምዘናን ማዘግየት ሥልጠናውንም ማዘግየት ነው።

በቡድን ተደራጅተው የራሳቸውን ሥራ ለመጀመር ያሰቡ ምሩቃን ሌላም በር አላቸው። ኮሌጆቹ ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የቴክኒክና የካይዘን (አሠራርን በየጊዜው የማሻሻል ዘዴ) ድጋፍ የመስጠት ኃላፊነት ስላለባቸው፣ ዕቃ ገዝተው ከመጀመራቸው በፊት የቀድሞ አሠልጣኛቸውን አማክረው የወርክሾፕ አደረጃጀታቸውን ቢያሳዩት ያለ ክፍያ የሚገኝ ምክር ነው።

8. ክሊራንስና ማስረጃ መቀበል

ክሊራንስ ማለት ከቤተ መጻሕፍት፣ ከዕቃ ግምጃ ቤት፣ ከፋይናንስ፣ ከዲፓርትመንትና ከሬጅስትራር ዕዳ እንደሌለብዎ የሚያረጋግጡ ፊርማዎችን መሰብሰብ ነው። ከሁሉም የሚያደክመው ግምጃ ቤቱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ፒንሳና አንድ ካቻቢቴ ፈርመው ይወስዳሉ፤ በማግስቱ ይመልሳሉ፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ «አስቀምጠው» ይልና ካርዱ ላይ ያለው ፊርማዎ ሳይሰረዝ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ሠራተኛው ተቀይሯል፤ ፒንሳው የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም፤ ካርዱ ግን አለ። ስለዚህ ዕቃ በመለሱ ቁጥር ፊርማዎ በፊትዎ ሲሰረዝ ይዩ፤ ቢያፍሩም ይጠይቁ።

ክሊራንሱን ከምርቃት ሳምንት በፊት ይጀምሩ። በዚያ ሳምንት ሁሉም ሰው ጋዋን ፍለጋና ፎቶ ላይ ስለሚሆን ፈራሚዎች ከቢሮ ይጠፋሉ። ከተማውን ለቅቀው የሚሄዱ ከሆነና ማስረጃዎን ሌላ ሰው እንዲቀበልልዎ ከፈለጉ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ ውክልና ይስጡ፤ በስልክ «ለእህቴ ስጡልኝ» የሚል ጥያቄ የሬጅስትራር ሠራተኛ ቢያዝንልዎም ሊፈጽመው አይችልም።

ወረቀቱ እጅዎ ሲገባ መዝገቡ ላይ ከመፈረምዎ በፊት እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመው ያንብቡት። ስምዎን እስከ አያት፣ የሙያውን ስም፣ ደረጃውን፣ የተመረቁበትን ቀንና የፎቶውን ማኅተም ይመልከቱ። ከኋላዎ የተሰለፈው ሰው ቢያጉረመርም አይቸኩሉ። ከመፈረምዎ በፊት የተገኘ ስሕተት በዚያው ቀን የሚታረም ሲሆን፣ ፈርመው ከወጡ በኋላ የተገኘው ግን ማመልከቻ፣ ደብዳቤና ቀጠሮ ይጠይቃል።